ለድሮ ዘዬ ስፒከር ርካሽ ትዊተር፦ ምርጫው ከዉፈሩ ይጀምራል

ሣጥኑ ተጣብቆ አልቋል፤ ዉፈሩም (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል) ተገጥሞ ተሞክሯል። ያልተቆረጠው የትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል) ቀዳዳ ብቻ ነው፤ የዘገየውም ሆን ተብሎ ነው። ብዙ ጀማሪ መጀመሪያ ያገኘውን ትዊተር ይገዛል፣ ሰሌዳውን በልኩ ይቆርጣል፣ ከዚያ ድምፁ አልገጥም ሲለው ካፓሲተር (ወፍራሙን ድምፅ ከትዊተሩ የሚያግድ እቃ) ሲቀያይር ይከርማል። ችግሩ ግን ካፓሲተሩ ላይ አይደለም።

የተያዘው ሥራ ይህ ነው፦ 10 ኢንች የወረቀት ዉፈር፣ 8 ኦም፣ በ2.83 ቮልት 89 ዴሲቤል፤ 50 ሊትር ገደማ የሚይዝ ዝግ ሣጥን፤ 36 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው የኤምዲኤፍ የፊት ሰሌዳ። ሰፊ ሰሌዳ፣ ትልቅ የወረቀት ዉፈር፣ ከላይ አንድ ትዊተር፦ የድሮው ዘዬ ይኸው ነው።

ርካሽ ትዊተር ሲፈለግ ዓይን ቶሎ የሚያርፈው «እስከ 20 ኪሎኸርዝ» በሚለው ጽሑፍ ላይ ነው። ወደ ላይ መድረስ ግን ለትዊተር ቀላሉ ሥራ ነው። ጥሩውን ከመናኛው የሚለየው ሳይጨነቅ እስከ የት ድረስ ወደ ታች መውረድ ይችላል የሚለው ሲሆን፣ እስከ የት መውረድ እንዳለበት የሚወስነው ደግሞ ዉፈሩ ነው። የ10 ኢንች ዉፈር ተንቀሳቃሽ ክፍል ስፋቱ 21 ሳንቲሜትር ያህል ነው። የድምፅን ፍጥነት፣ በሰከንድ 344 ሜትር፣ ለ0.21 ብናካፍል 1640 ኸርዝ ይመጣል። ከዚያ በላይ የድምፁ ሞገድ ከወረቀቱ ስፋት ስለሚያጥር፣ ድምፁ እንደ እጅ ባትሪ ብርሃን እየጠበበ ወደ ፊት ብቻ ይሄዳል። ትንሽ ከፍ ሲል ደግሞ ወረቀቱ እንደ አንድ አካል መንቀሳቀሱን ትቶ እየተጣጠፈ የራሱን ጩኸት ይጨምራል። ስለዚህ ይህ ዉፈር ሥራውን ማስረከብ ያለበት ከ1800 እስከ 2500 ኸርዝ ባለው ውስጥ ነው፤ እዚህ 2200 ተመርጧል። ዉፈሩ 8 ኢንች ቢሆን ኖሮ ያው ስሌት 2100 ገደማ ስለሚሰጥ እስከ 3000 መግፋት ይቻል ነበር። 12 ኢንች ለያዘ ሰው ግን ምክሩ ሌላ ነው፦ ርካሽ ትዊተር ፍለጋውን ትቶ ሚድሬንጅ (የመካከለኛውን ድምፅ የሚያወጣ ክፍል) ይጨምር።

እዚህ ላይ የዳይናኮ ኤ-25 ነገር ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የወጣው ይህ ስፒከር 10 ኢንች ዉፈሩን ያለ ምንም ኮይል (ቀጭኑን ድምፅ ከዉፈሩ የሚያግድ ጥቅል ሽቦ) በቀጥታ ያሠራ ነበር፤ ትዊተሩን የሚጠብቀውም አንድ ካፓሲተር ብቻ ነበር፤ መለያያው (ዉፈሩ ሥራውን ለትዊተሩ የሚያስረክብበት ድግግሞሽ) 1500 ኸርዝ። ያንን ማየት «አንድ ካፓሲተር ይበቃል» ወደሚል ድምዳሜ ይገፋል። የሚዘነጋው ግን ትዊተሩ ዛሬ ከተለመደው 25 ሚሊሜትር የሰፋ ጉልላት (ድምፁን የሚያወጣው የጎበጠ ገጽ) እንደነበረውና ያን ያህል ዝቅ ብሎ እንዲሠራ ታስቦ መሠራቱ ነው። ዉፈሩም ወደ ላይ ሲሄድ በራሱ ረጋ ብሎ የሚወርድ ነበር። የኤስኢኤኤስ ኩባንያ ኤ26 ኪት (ገዢው ራሱ የሚገጣጥመው ስፒከር) ያንኑ ሐሳብ ዛሬ የሚያስቀጥል ነው፤ 35 ሚሊሜትር ጉልላት አለው፤ ዋጋው ግን «ርካሽ» ከሚባለው ክልል ውጪ ነው።

በዳታሺት (አምራቹ በሚያወጣው የቁጥሮች ዝርዝር) ላይ መጀመሪያ የሚፈለገው ኤፍኤስ የሚለው ቁጥር ነው፤ ትዊተሩ በራሱ የሚርገበገብበት ድግግሞሽ ማለት ነው። መለያያው ቢያንስ የኤፍኤሱ እጥፍ ይሁን፤ ይህም በሁለተኛ ደረጃ ክሮስኦቨር (ድምፁን ለዉፈሩና ለትዊተሩ የሚያካፍል ሰርኪት)፣ ማለትም ካፓሲተርና ኮይል ባለበት ነው። መለያያችን 2200 ከሆነ ኤፍኤሱ ከ1100 መብለጥ የለበትም፤ 900 ወይም ከዚያ በታች ቢሆን ይመረጣል። በአንድ ካፓሲተር ብቻ ከሆነ እጥፉ አይበቃም፤ ከመለያያው አንድ ኦክታቭ (ወደ ግማሽ ድግግሞሽ) ዝቅ ብሎ ቅናሹ 7 ዴሲቤል ብቻ ነው። ሊንክዊትዝ ራይሊ በሚባለው የሁለተኛ ደረጃ ክሮስኦቨር ግን 14 ዴሲቤል ነው። ልዩነቱ ትንሽ እንዳይመስላችሁ፦ ለተመሳሳይ የድምፅ መጠን፣ ድግግሞሹ በግማሽ ሲወርድ ጉልላቱ አራት እጥፍ መንቀሳቀስ አለበት። ትዊተር ድምፁ የሚሻክረውና የሚቃጠለው እዚያ ነው እንጂ ላይ አይደለም።

አሁን ወደ እጩዎቹ።

ፒዬዞ (በኤሌክትሪክ በሚርገበገብ ክሪስታል የሚሠራ ትዊተር) ከሁሉ ርካሽ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ከበሩ ይመለስ። ቮይስ ኮይል (በማግኔት ውስጥ የሚንቀሳቀስ ጥቅል ሽቦ) የለውም፤ በኤሌክትሪክ ዓይን ራሱ ካፓሲተር ነው። ስለዚህ በተከታታይ ሌላ ካፓሲተር ቢጨመርበት ድምፁን በጠቅላላ ይቀንሰዋል እንጂ ዝቅተኛውን አይቆርጥለትም፤ እንዲቆርጥ ከፒዬዞው ጎን ለጎን ሬዚስተር መግባት አለበት። ያም ሆኖ በደንብ የሚሠራው ከ4 ወይም ከ5 ኪሎኸርዝ ጀምሮ ነው፤ በእሱና በዉፈሩ መካከል ሰው የሚናገርበት ትልቅ ጉድጓድ ይቀራል። ለመኪና የሚሸጠው የጥይት ቅርጽ ያለው ትዊተርም በሽታው ያው ነው፤ በዚያ ላይ ጩኸቱ ከዉፈሩ በ10 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ስለሚበልጥ አብዛኛው ኃይል ሬዚስተር ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

የወረቀት ኮን ትዊተር ለመልክም ለድምፅም የድሮውን ጠባይ የሚሰጥ ነው። የቪሳቶን ቲደብሊው 70 ዓይነቱ ዛሬም በአዲስ ይገኛል። ጀርባው ዝግ ስለሆነ ከዉፈሩ ግፊት አይነካውም። ድክመቱ ሁለት ነው። ኮኑ 5 ሳንቲሜትር ያህል ከሆነ ከ7 ኪሎኸርዝ በላይ ድምፁ ይጠብባል፤ ከጎን የተቀመጠ ሰው ብሩህነቱን ያጣል። ይህንን ብዙ ሰው «ለስላሳ የድሮ ድምፅ» ብሎ ይወደዋል፤ ስህተትም አይደለም። ሁለተኛው ክብድ ይላል፦ ኤፍኤሱ ብዙ ጊዜ ከ1000 በላይ ስለሆነ መለያያው ወደ 3000 እና ከዚያ በላይ ይገፋል። ከ8 ኢንች ዉፈር ጋር ጥሩ ጥንድ ነው። ከ10 ኢንች ጋር የሚያስኬደው ዉፈሩ እስከ 3000 ድረስ ሳይጮህ መድረሱ ተለክቶ ከታየ ብቻ ነው።

የጨርቅ ጉልላት ትዊተር፣ 25 ወይም 28 ሚሊሜትር፣ ለዚህ ሣጥን ትክክለኛው ነው። የዴይተን ዲሲ28ኤፍ-8 ዓይነት ባለ ትልቅ ፌራይት ማግኔት፣ 8 ኦም፣ ከርካሾቹ ተርታ ሆኖ እስከ ሁለት ሺህ አካባቢ መውረድን ይሸከማል። ከጉልላቱ ጋር ፌሮፍሉይድ (ማግኔት የሚስበው ፈሳሽ) ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ ኤፍኤሱ ላይ የሚወጣውን የኢምፒዳንስ (በኦም የሚለካው ተቃውሞ) ጉብታ ስለሚያለዝበው ክሮስኦቨሩ እንደታሰበው ይሠራል። ትንሿ ባለ ኒዮዲሚየም ማግኔት ትዊተር፣ እንደ ኤንዲ25ኤፍኤ-4 ያለችው፣ አንድ እውነተኛ ጥቅም አላት፦ ጠርዟ ጠባብ ስለሆነ ወደ ዉፈሩ መጠጋት ትችላለች። የዉፈሩ ፍሬም ከመሃል እስከ ጠርዝ 13 ሳንቲሜትር ነው። 104 ሚሊሜትር ጠርዝ ያለው ትዊተር ከመሃል እስከ መሃል 19 ሳንቲሜትር ሲርቅ፣ ትንሿ በ16 ትገባለች፤ የ2200 ኸርዝ ሞገድ ደግሞ 15.6 ሳንቲሜትር ነው፤ ርቀቱ ከሞገዱ ብዙ ካልበለጠ የሁለቱ ድምፅ ይበልጥ ይዋሃዳል። ነገር ግን ከጀርባዋ ያለው አየር ጥቂት ስለሆነ እንዲህ ያሉት ኤፍኤሳቸው ከፍ ይላል። እዚህ ሥራ ላይ ዝቅ ማለቱ ከመቀራረቡ ይበልጣል ተብሎ ትልቁ ፌራይት ተመርጧል፤ በምትኩ አዳማጩ ጆሮውን በትዊተሩ ከፍታ ላይ አድርጎ መቀመጥ አለበት።

ያገለገለ ለመግዛት ላሰበ፦ ከድሮ ራዲዮና የሙዚቃ ካቢኔት የወጡ ትዊተሮች ብዙ ጊዜ 4 ወይም 5 ኦም ናቸው፤ ከጀርባ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፣ በመልቲሜትርም ለኩ። 8 ኦም የሚባለው ከ5.5 እስከ 7 ያነባል፤ 4 ኦም የሚባለው ከ3 እስከ 3.7። ሁለቱ እርስ በርስ ከጥቂት የኦም አስረኛ በላይ ከተለያዩ አንዱ ተጠግኗል ወይም ጥንድ አይደሉም። ፌሮፍሉይድ የነበራቸው አሮጌዎች ፈሳሹ ደርቆ ድምፃቸው የታፈነ ይሆናል። ከአሮጌው ሣጥን ጋር የመጣውን ኤሌክትሮላይቲክ (በዕድሜ የሚደርቅ ዓይነት) ካፓሲተር ደግሞ ሳታመነቱ ጣሉት።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚሳሳተው ኦም ላይ ነው። የድሮ ክሮስኦቨር ላይ 6.8 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከ8 ኦም ትዊተር ጋር መለያያው 2900 ኸርዝ ገደማ ነው። ያንኑ ካፓሲተር ትታችሁ ባለ 4 ኦም ትዊተር ብትተኩበት መለያያው 5850 ይሆናል። ዉፈሩ ቀደም ብሎ ዝም ብሏል፣ ትዊተሩ ገና አልጀመረም፤ መሃሉ ባዶ። የሴንሲቲቪቲው (በተወሰነ ቮልት ወይም ዋት የሚወጣው የድምፅ መጠን) ቁጥርም እንዲሁ ያታልላል፦ 4 ኦም ትዊተር «92 ዴሲቤል በ2.83 ቮልት» ካለ፣ 2.83 ቮልት በ4 ኦም 2 ዋት ስለሆነ፣ በ1 ዋት 89 ነው። ይሁን እንጂ አምፕሊፋየር የሚሰጠው ቮልት ስለሆነ፣ ከዉፈር ጋር ስታመሳስሉ የሁለቱንም የ2.83 ቮልት ቁጥር ውሰዱ። አንዱን በዋት ሌላውን በቮልት ያነጻጸረ ሰው 3 ዴሲቤል ይስታል።

ለ2200 ኸርዝ፣ ለ8 ኦም፣ በሊንክዊትዝ ራይሊ ሁለተኛ ደረጃ የትዊተሩ ወገን 4.7 ማይክሮፋራድ በተከታታይ፣ 1.2 ሚሊሄንሪ ኮይል ደግሞ ከትዊተሩ ጎን ለጎን ነው። ካፓሲተሩ ፖሊፕሮፒሊን ይሁን፤ በዚህ መጠን ዋጋው አያስፈራም። ለሙከራ ብቻ ሁለት ባለ 10 ማይክሮፋራድ ኤሌክትሮላይቲኮችን ኔጌቲቩን ከኔጌቲቭ አገናኝቶ 5 ማግኘት ይቻላል። የዉፈሩንና የትዊተሩን ኮይል አራርቁ፤ አንዱን አቁሙ፣ ሌላውን አጋድሙ፤ ጎን ለጎን ከተቀመጡ አንዱ በሌላው ውስጥ ይናገራል። ትዊተሩ 93 ዴሲቤል ቢሆን 4 ዴሲቤል መቀነስ አለበት፦ 3 ኦም በተከታታይ፣ 15 ኦም ጎን ለጎን፣ ባለ 10 ዋት፣ ከክሮስኦቨሩ በኋላ ከትዊተሩ በፊት። እንዲህ ሲሆን ክሮስኦቨሩ የሚያየው 8.2 ኦም ስለሆነ ስሌቱ አይዛባም። ሬዚስተሩን ከክሮስኦቨሩ በፊት ማስገባት የተለመደ ስህተት ነው፤ ድምፁ ይቀንሳል፣ መለያያውም አብሮ ይንሸራተታል።

ቁጥሮቹ ግን መነሻ ናቸው፤ ትዊተሩ በሁሉም ድግግሞሽ 8 ኦም አይደለም። አርኢደብሊው የተባለው ነጻ ፕሮግራምና አንድ የመለኪያ ማይክሮፎን ካለ፣ በ1 ሜትር ርቀት በትዊተሩ ከፍታ ለኩ። መጀመሪያ ስትለኩ ከትዊተሩ ጋር በተከታታይ 20 ማይክሮፋራድ አስገቡ፤ አምፕሊፋየሩ ሲበራ ከሚያወጣው ጉምታ ያድነዋል። በዚህ ክሮስኦቨር ትዊተሩ በፖላሪቲ ተገልብጦ (ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ተቀያይረው) ነው የሚታሰረው። አንዴ ደግሞ ሳትገለብጡ ለኩት፦ 2200 ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ከታየ ሁለቱ በትክክል እየተደማመሩ ነበር ማለት ነው። ጉድጓዱ ጥልቀት ከሌለው ወይም ወደ ጎን ከሸሸ ካፓሲተሩን ከ3.9 እስከ 5.6 ባለው ውስጥ ሞክሩ።

ማይክሮፎን ለሌለው ቋንቋችን ራሱ መለኪያ አለው። «ሸ» ጉልበቷ ከ2500 ኸርዝ አካባቢ ይጀምራል፤ «ሰ» ግን ከ4 እና 5 ሺህ በላይ ናት። የዜና አንባቢ ንግግር አጫውቱ፦ «ሸ» እየሳሳች ወደ «ሰ» ከተጠጋች መለያያው ላይ ጉድጓድ አለ። «ጸ» እና «ጨ» ጆሮ የሚወጉ ከሆነ ትዊተሩ ጮኋል፤ የ3 ኦሙን ሬዚስተር ወደ 4 አሳድጉት። ለላይኛው ጫፍ ጽናጽል ይበቃል፤ ብረቶቹ አንድ በአንድ ካልተለዩና ሽው የሚል ድምፅ ብቻ ከሆነ ጉልላቱ ወይም የተሸፈነበት ጨርቅ እያፈነው ነው።

ቀዳዳውን በተመለከተ፦ ትዊተሩን መሃል ላይ አትትከሉት። ከግራ ጠርዝ 14፣ ከቀኝ 22፣ ከላይ 11 ሳንቲሜትር፤ ሁለተኛው ሣጥን የዚህ መስታወት ይሁን። ከሁሉም ጠርዝ እኩል ከራቀ፣ ከየጠርዙ የሚመለሰው ድምፅ አንድ ላይ ደርሶ አንድ ድግግሞሽ ያበላሻል። ስፒከሩ በፊቱ ክፈፍና ጨርቅ የሚኖረው ከሆነ በትዊተሩ ዙሪያ ወፍራም የሱፍ ፌልት ለጥፉ፤ የቢቢሲው ኤልኤስ3/5ኤ ስፒከር የሚታወቅበት ዘዴ ነው። የትዊተሩ ጠርዝ ከሰሌዳው ጋር እኩል እንዲተኛ በመጀመሪያ በራውተር 4 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለውን ሰፊውን ክብ ቦርቡሩ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ውስጠኛውን ቀዳዳ በስቱ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ራውተሩ የሚሽከረከርበት የመሃል ምስማር ቦታ ያጣል። የተርሚናሎቹ ምላሶች ከጀርባ ስለሚወጡ ቀዳዳው በሁለት ጎን ትንሽ ተጨማሪ ጭረት ይፈልጋል፤ ይህ ከተረሳ ትዊተሩ ሲጠብቅ ምላሱ ተጣጥፎ ከማግኔቱ ብረት ጋር ይነካካል። ስለዚህ ብሎኑ ከጠበቀ በኋላም ኦሙን አንድ ጊዜ እንደገና ለኩ።