ቀይ ባሕር ዛፍ፦ በስሞቹና በዲቃላዎቹ እስካሁን የደረስኩበት

የዕፅዋት ስም አጠናን እየለማመድኩ ነው። በዚህ ዙር የያዝኩት ቀይ ባሕር ዛፍን፣ በሳይንሳዊ ስሙ ዩካሊፕተስ ካማልዱሌንሲስን ነው። ዛፉ አውስትራሊያዊ ነው፤ ስሙ የወጣለት ግን ጣሊያን ውስጥ ነው። ዴንሃርት የተባለው የዕፅዋት አጥኚ ኔፕልስ አጠገብ፣ ካማልዶሊ በሚባል ቦታ ተተክሎ ያየውን ዛፍ እ.ኤ.አ. በ1832 በቦታው ስም ሰየመው።

የቆዩ መጻሕፍት ይህንኑ ዛፍ ዩካሊፕተስ ሮስትራታ ይሉታል። እኔን የሳበኝ ይሄ ስም የቀረበት ምክንያት ነው። ያወጣው ሽሌክተንዳል ነው፣ በ1847። ስለዚህ ዴንሃርት ይቀድመዋል፤ የሚጸናውም ቀድሞ የወጣው ስም ነው። ግን ባይቀድመውም አይጸናም ነበር፤ ካቫኒዬስ በ1797 ሮስትራታ የሚለውን ስም ለሌላ ባሕር ዛፍ ሰጥቶታል። ያም ዛፍ ቢጣራ ቀድሞ ሮቡስታ የተባለው ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ በድሮ ጽሑፍ ላይ ሮስትራታ የሚል ስታገኙ መጀመሪያ የሰያሚውን ስም ፈልጉ። እሱ ከሌለ የትኛው ዛፍ እንደሆነ በስሙ ብቻ መለየት አይቻልም።

በነገራችን ላይ ሮስትራታ "ምንቃር ያለው" ማለት ነው። የእምቡጡን ክዳን ሹል ጫፍ ላየ ሰው ከአንድ የጣሊያን ሰፈር ስም በጣም ይሻላል። የዕፅዋት ስያሜ ሕግ ግን የማን ስም ያምራል ብሎ አይጠይቅም።

ወደ ዲቃላዎቹ ስንመጣ ነገሩ ይጠላለፋል። የዲቃላ ስም መሃል ላይ የ× ምልክት ይገባበታል። ለምሳሌ ዩካሊፕተስ × ትራቡቲ የካማልዱሌንሲስና የሌላ ባሕር ዛፍ፣ የቦትሪዮይደስ፣ ልጅ ነው። ግራንዲስ ከተባለው ባሕር ዛፍ ጋር የተዳቀለው ደግሞ ለእንጨት ምርት በሰፊው ይተከላል። አስቸጋሪው ቴሬቲኮርኒስ የተባለው ባሕር ዛፍ ነው፤ ከካማልዱሌንሲስ ጋር ይመሳሰላሉ፣ ይዳቀላሉም። እኔ የምተማመነው በዘሩ ነው። የካማልዱሌንሲስ ዘር ቢጫ ወይም ቢጫ ቡናማ ሲሆን ድርብ ሽፋን አለው። የቴሬቲኮርኒስ ጠቆር ያለና ባለ አንድ ሽፋን ነው። ማጉያ መነጽር ካላችሁ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ደግሞ መሃል ላይ ያለ የሚመስል ዛፍ ሁሉ ዲቃላ አይደለም። በ2009 የወጣ ጥናት ካማልዱሌንሲስን በ7 ንዑስ ዝርያዎች ከፍሎታል። ከነሱ አንዱ፣ ሲሙላታ፣ የእምቡጡ ክዳን ረዘም ብሎ ቁርጥ ቴሬቲኮርኒስን ይመስላል።

ቀጥሎ የያዝኩት የሎሚ ሽታ ያለውን ባሕር ዛፍ ነው። እሱን ሂልና ጆንሰን የተባሉ የዕፅዋት አጥኚዎች በ1995 ጭራሽ ከዩካሊፕተስ ወገን አውጥተው ኮሪምቢያ የሚባል ሌላ ወገን ውስጥ አስገብተውታል።