ጀርባ መሳል፦ አምስተኛ ሳምንት

የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊ የፒተር ብሩገልን «የቤተልሔም ሕዝብ ቆጠራ» የተባለ ሥዕል መገልበጥ ከጀመርኩ አምስት ሳምንት ሆነኝ። ዋናው ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1566 በእንጨት ሰሌዳ ላይ በዘይት ቀለም የተሠራ ነው፤ የሚገኘውም ብራስልስ ሙዚየም ውስጥ ነው። እኔ ከታተመ ቅጂ ላይ በእርሳስና በውኃ ቀለም እየታገልኩት ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት እመቤታችንን በመፈለግ አለቀ። ዐይኔ የለመደው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው፤ ቅዱሳኑ አክሊለ ብርሃን ደፍተው በትልልቅ ዐይኖቻቸው ፊት ለፊት ያዩናል። የብሩገል ቤተልሔም ግን በረዶ የለበሰች የፍላንደርስ (የዛሬዋ ቤልጂየም አካባቢ) መንደር ናት። በስተግራ ሰዉ ለመመዝገብ መጠጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ይጋፋል፤ እዚያው አጠገብ አሳማ ይታረዳል፤ ልጆች በረጋው ውኃ ላይ ይንሸራተታሉ። እመቤታችን በአህያ ተቀምጣ በዚህ ግርግር መካከል ስታልፍ ዞር ብሎ የሚያያት የለም። በመጨረሻ ያገኘኋት በአረጋዊው ዮሴፍ መጋዝ ምልክትነት ነው።

ከዚያ ስሕተት ጀመርኩ። ለእያንዳንዱ ሰው ዐይንና አፍንጫ ስሠራ መንደሩ በአሻንጉሊት ተሞላ። ቅጂውን በማጉያ መነጽር ስመረምረው ግን አብዛኛው ሰው ጀርባውን የሰጠ ወይም ባርኔጣው ፊቱን የጋረደው ነው። ብርዱ የሚታወቀው በትከሻው መሰብሰብ፣ በጉልበቱ መታጠፍ ነው። ሦስት ወረቀት ቀደድኩና አዲስ ልምምድ ያዝኩ፦ ለአንድ ሰው አንድ ደቂቃ፤ ጀርባ፣ ጉልበት፣ ሸክም፣ በቃ። አርባ ያህል ሠርቼ ስድስቱን ወደድኳቸው። የአሳማውን ደም ለመቀበል ያጎነበሰችው ሴት ግን አሁንም እምቢ ብላኛለች፤ ወይ ትወድቃለች፣ ወይ ትሰግዳለች።

በረዶውን በባዶው ወረቀት ልተወው ብዬ ነበር፤ ሰዎቹ አየር ላይ ተንሳፈፉ። አሁን አስቀድሜ መላውን ወረቀት በጣም በቀጠነ ቢጫማ ግራጫ እቀባለሁ፤ ንጹሕ ነጭ የማስቀረው ለጣሪያዎቹ ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ እግር ሥር ጠቆር ያለች ነጥብ ሳሳርፍ መሬት ይረግጣሉ።

መገልበጥ የሚያሳፍረው ካለ፣ የብሩገል የገዛ ልጅ ታናሹ ፒተርም ይህንኑ ሥዕል ደጋግሞ ገልብጦታል።

የጋሪዎቹ መንኮራኩሮች እስካሁን እንቁላል ይመስላሉ። በዚህ ሳምንት ከእነሱ በቀር ሌላ አልነካም።