ካርታ ሳያዩ

የሦስቱን አሸናፊዎች የክፍያ ማዘዣ ሰኞ ጠዋት አዘጋጅቼ የፈረምኩት እኔው ነኝ፤ ለአንደኛው 5,000፣ ለሁለተኛው 3,000፣ ለሦስተኛው 2,000 ብር። የፋይናንስ ኃላፊ በመሆኔ ከዚህ የማመልጥበት መንገድ አልነበረኝም። የሦስተኛነቱን ገንዘብ ለመቀበል የመጡት የመጋዘን ኃላፊያችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ ከስማቸው ትይዩ ከፈረሙ በኋላ ብዕሬን እየመለሱልኝ «ልጄ፣ ቅዳሜ ግን ምን ነክቶህ ነው?» አሉኝ። መልስ ለመስጠት ትንሽ ካሰብኩ በኋላ ገንዘቡን ቆጥሬ ብሰጣቸው ይሻላል ብዬ ሰጠኋቸው።

ድርጅታችን ከቃሊቲ አልፎ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው በኩል ብሎኬት ያመርታል፤ አልፎ አልፎም በአነስተኛ የግንባታ ጨረታዎች ይወዳደራል። ሐምሌ ገብቶ ብሎኬቱ አልደርቅ ሲል ግቢው ይቀዘቅዛል። ባለቤቱ ኢንጂነር በውጭ አገር ትምህርት ላይ ሳሉ የለመዱትን ቴክሳስ ሆልደም የተባለ የፖከር ዓይነት ለሠራተኛው ካስተማሩ ወዲህ፣ በየክረምቱ አንድ ቅዳሜ በመመገቢያ አዳራሹ ውድድር ይካሄዳል። መግቢያ አይከፈልም፤ ሽልማቱን የሚችሉት እርሳቸው ስለሆኑ «ከኪሳችሁ ሳንቲም እስካልወጣ ድረስ ቁማር አይባልም» ይላሉ። ይህን አስተያየት ለንስሐ አባቴ እስካሁን አላቀረብኩትም።

ዘንድሮ 20 ሰዎች በነፍስ ወከፍ 1,000 ቺፕ፣ በብር ምትክ የምንወራረድበትን መቁጠሪያ፣ ይዘን ጀመርን፤ ቺፑ ያለቀበት እየወጣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን አራት ቀረን። ኢንጂነር 9,000፣ እኔ 6,000፣ የጋራዥ ኃላፊው 4,500 ቺፕ ነበረን፤ ጋሼ ደግሞ 500 ብቻ። ብላይንዱ፣ ማለትም በየዙሩ ሁለት ተጫዋቾች በተራ የሚያስቀምጡት የግዴታ መያዣ፣ ትንሹ (ስሞል) 200፣ ትልቁ (ቢግ) 400 ደርሶ ነበር። የሚሸለመው ሦስት ሰው ስለሆነ ከአራታችን አንዱ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ መሄዱ ነው፤ ያ ሰው ማን እንደሚሆን ደግሞ በአዳራሹ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ጋሼ በሚቀጥለው ዙር ቢግ ብላይንድ ስለሚደርሳቸው፣ ካለቻቸው 500 ላይ 400ውን ወደዱም ጠሉም መሐል ላይ ማስቀመጥ ነበረባቸው። ስለዚህ የእኔ ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ አንድ ዙር ዝም ብሎ መቀመጥ።

ጋሼ ካርታቸውን ጣሉ፤ የጋራዥ ኃላፊውም ጣለ። ስሞል ብላይንዱ ላይ ኢንጂነር፣ ቢግ ብላይንዱ ላይ እኔ ቀረን። ካርታ የምታድለው የሰው ኃይል ክፍሏ ልጅ በፊታቸው ያስቀመጠችላቸውን ሁለት ካርታዎች ኢንጂነር በመዳፋቸው ከደኑ፤ ጠርዛቸውን እንኳ ሳያነሡ «ኦል ኢን» አሉና ቺፑን ሁሉ ወደ መሐል ገፉት።

የእኔን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ኤስ እና ኩዊን።

«ኢንጂነር፣ ካርታዎን እኮ አላዩትም» አልኩ።

«የኔ አለማየት አንተን ምን አስጨነቀህ? የምትፈራው ካርታውን ነው ወይስ እኔን?»

«ፋይናንስ ያለ ሦስት ፕሮፎርማ አይንቀሳቀስም» አለ የጋራዥ ኃላፊው፤ ቀድመው ወጥተው ዳር ቆመው የሚያዩትም ሳቁ።

ኢንጂነር ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ። «በፈረንጆቹ 2003 ላስ ቬጋስ ላይ በፖከር ውድድር ከ839 ተወዳዳሪ አንደኛ የወጣው ክሪስ መኒሜከር እኮ ያንተው የሙያ ባልደረባ ነው፤ የሂሳብ ሠራተኛ። ሁለት ሚሊዮን ተኩል ዶላር ይዞ ነው ቤቱ የገባው። አንተ ብትሆን ኖሮ የጉዞ አበልህን አወራርደህ ትመለስ ነበር።»

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ዓይኔ ያረፈው በካርታዎቹ ላይ ሳይሆን በመዳፋቸው ላይ ነበር። ጨረታ በምንገባ ቁጥር ሌሊት አምሽቼ የሠራሁትን የወጪ ዝርዝር ይዤላቸው ስገባ፣ ያው መዳፍ ወረቀቱ ላይ ያርፋል፤ ከሥሩ ያለው ሳይነበብ ዋጋው ከአፋቸው ይወጣል፣ ጨረታውን እናሸንፋለን፣ ከዚያም ለምን እንደከሰርን የማስረዳው እኔ ነኝ። አሁንም ያ መዳፍ፣ አሁንም ከሥሩ ያልታየ ነገር። ደሜ ፈላ።

በንዴት ብቻ ገባሁ ማለት ግን ራሴን መበደል ይሆናል፤ አስልቼ ነው የገባሁት። 400ዋ በብላይንድ ቀድማ መሐል ላይ ስላለች፣ 5,600 ቺፕ ጨምሬ ከእርሳቸው 6,000 ጋር 12,000 የምወስድ ከሆነ፣ ከመቶ 47 ጊዜ ካሸነፍኩ አልከስርም። ኤስ እና ኩዊን ደግሞ ምንነቱ ያልታወቀ፣ የትኛውም ሊሆን በሚችል ካርታ ላይ ከመቶ 64 ጊዜ ያህል ያሸንፋል። በዓመቱ መጨረሻ ለኦዲተር ባቀርበው የሚያልፍ ስሌት ነበር።

«ኮል» አልኩ፤ ውርርዱን ተቀብያለሁ ማለት ነው።

ኢንጂነር መዳፋቸውን አነሡ። ዘጠኝ እና አራት። አዳራሹ ውስጥ «ወይኔ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ እኔም ፈገግ ማለቴ አይካድም። ለሁለታችንም ከሚቆጠሩት አምስት የጋራ ካርታዎች የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ተገለጡ፤ ኪንግ፣ ሰባት፣ አራት። የቀሩት ሁለቱ ለማንም አልጠቀሙም። በጥንድ አራት ተሸንፌ አራተኛ ወጣሁ። ጋሼ በቀጣዩ ዙር 400ዋን አስቀምጠው እርሳቸውም ተከተሉኝ፤ ነገር ግን እርሳቸው ሦስተኛ ናቸው፣ 2,000 ብር አላቸው። በመጨረሻ የጋራዥ ኃላፊው አንደኛ ወጣና ኢንጂነር 3,000 ብራቸውን ከራሳቸው ኪስ ለራሳቸው ተቀበሉ።

እሑድ ማታ ኤክሴል ከፍቼ ቁጭ አልኩ። የፖከር ሰዎች ኢንዲፔንደንት ቺፕ ሞዴል የሚሉት ስሌት አለ፤ መነሻው የፈረስ እሽቅድምድም ሲሆን፣ በእጅ ያለው ቺፕ ከቀሩት ሽልማቶች አንፃር ስንት ብር እንደሚያወጣ ይገምታል። ካርታዬን ጥዬ ቢሆን ኖሮ የሚቀሩኝ 5,600 ቺፖች 3,075 ብር ያህል ያወጡ ነበር። ገብቼ ባሸንፍ ቺፔ 12,000 ይሆናል፤ ዋጋው ግን የሚደርሰው 4,080 ብር ገደማ ብቻ ነው። ብሸነፍ ዜሮ። ቺፑ ከእጥፍ በላይ ሲያድግ ብሩ በሲሶ ብቻ ያድጋል፤ ከእኔ በታች 500 ቺፕ ይዘው የተቀመጡት ጋሼ ለእኔ ከዚያ ሁሉ ቺፕ ይበልጥ ዋጋ ነበራቸው። ስለዚህ ለመግባት የሚያስፈልገኝ ከመቶ 47 ሳይሆን 75 ነበር። 64ቱ አይበቃም። ተፎካካሪው ካርታውን እንዳላየ በዓይኔ አይቼ፣ ከእርሱ የተሻለ እንደያዝኩ ባውቅም እንኳ አይበቃም።

የሚያንገበግበው ቀጥሎ ያለው ነው። ያንኑ ስሌት ከኢንጂነር ወንበር ሆኜ ሠራሁት። እርሳቸው ቢሸነፉ እንኳ 3,000 ቺፕ ይቀራቸው ነበር፤ እኔ ግን ብሸነፍ ያለ ሽልማት እወጣለሁ። ሂሳብ የሚያውቅ ሰው በእኔ ቦታ ሲቀመጥ አብዛኛውን ካርታ መጣል ስላለበት፣ እርሳቸው በእጃቸው ምን እንዳለ ማየታቸው ብዙም የሚለውጠው ነገር አልነበረም። የእኔን ቂም ግን በሂሳቡ አስገብተውት እንደሆነ አላውቅም።

ማክሰኞ ወረቀቱን አትሜ ቢሯቸው ይዤ ገባሁ። የሄድኩት ስሕተቴን ለማመን ነበር፤ ትንሽም ይህን ያህል ማስላት እንደምችል እንዲያዩልኝ። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። በስድስት ዓመት ውስጥ የሰጠኋቸውን ወረቀት እስከ መጨረሻው መስመር ሲያነቡ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

«እንግዲህ እኔ ሳላይ መግፋቴ ልክ ነበር?»

«ልክ ነበር፣ ኢንጂነር።»

«ይህንን እኔ ጋ ተወው።»

ሐሙስ የጨረታ ሰነድ ለማጽደቅ ተሰበሰብን። 11 ገጽ የወጪ ዝርዝሬን ፊታቸው አስቀመጥኩ። መዳፋቸው አረፈበት። በሌላው እጃቸው ከኮታቸው ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡና ወደ እኔ ገፉት፤ የእሑድ ማታው ኤክሴል ነበር።

«ይህንን የሠራኸው አንተ ነህ» አሉ።

በጨረታ ላይ ካርታውን ጥሎ የሚወጣልን ፈሪ ባላጋራ እንደሌለ፣ የሁለተኛና የሦስተኛ ሽልማትም እንደሌለ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር። ዓረፍተ ነገሩን አሰካክቼ ሳልጨርስ ፈርመው ሰነዱን ወደ እኔ አዞሩት። ማኅተሙ የሚቀመጠው እኔ ዘንድ ስለሆነ የመታሁት እኔው ነኝ።