ቦሱ ሳይሆን መንገዱ ነው ያናደደኝ

ሰሞኑን ከባድ ከባድ ጌሞችን በላይ በላዩ ስጫወት ከረምኩ። አንድ ነገር ለየሁ። መሞት አያናድደኝም። የሚያናድደኝ ከሞትኩ በኋላ ወደ ቦሱ (ወደ ዋናው ከባድ ጠላት) የሚያስመልሰኝ መንገድ ነው።

ብዙ ጊዜዬን የወሰደው ሲልክሶንግ ነው፣ በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው የሆሎው ናይት ተከታይ። ጌሙን እወደዋለሁ፤ ሙዚቃው፣ የምንጫወትባት የሆርኔት ፍጥነት፣ ሁሉም። ስትጀምሩ አምስት ማስክ (የሕይወት ነጥብ) ነው ያላችሁ፣ ብዙ ቦሶች ደግሞ በአንድ ምት ሁለት ይወስዳሉ። ሦስቴ ከተመታችሁ አለቀ። ይሄን አልቃወምም፤ ሂል ስታደርጉ (ስትታከሙ) በአንዴ ሦስት ማስክ ይመለስላችኋል፣ በመጀመሪያው ጌም አንድ ብቻ ነበር።

ትዕግስቴ የተሟጠጠው ላስት ጀጅ የሚባለው ቦስ ጋ ነው። ቦሱ ራሱ ግሩም ነው! በሰንሰለት የሚያወዛውዘው ትልቅ የዕጣን ጥና መቼ እንደሚወረወር፣ መቼ እንደሚመለስ ቀስ በቀስ ዓይናችሁ ይለምደዋል። ግን በሞታችሁ ቁጥር ከቤንቹ (ስትሞቱ ከምትመለሱበት ወንበር) ተነስታችሁ፣ ከነፋሱ ጋ ታግላችሁ፣ ከአሸዋው ውስጥ ድንገት ብቅ የሚሉትን አልፋችሁ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ዘላችሁ፣ አንዳንዴም ማስክ ጎድሎባችሁ ነው እንደገና በሩ ላይ የምትቆሙት። መንገዱ ስለ ቦሱ ምንም አያስተምርም። ጭራሽ ቅድም የለመዳችሁትን ምት ያስረሳል።

ሴሌስት የሚባለው ጌም በ2018 እ.ኤ.አ. ይሄን ፈትቶታል። ትሞታላችሁ፣ ወዲያው እዚያው ስክሪን ላይ ትነሳላችሁ፣ ጣታችሁ ገና ሪትሙን አልረሳም። ስለዚህ ከሲልክሶንግ የበለጠ ብሞትበትም አንዴም ጆይስቲኩን ወርውሬ አልተነሳሁም። ኤልደን ሪንግም ብዙ ቦሶች አጠገብ የማሪካ ሐውልት አቁሟል፣ ከሞታችሁ እዚያው መነሳት ትችላላችሁ። (እሱ ላይ የሚያናድደኝ ካሜራው ነው። ካሜራውን ድራገን ላይ ሎክ አድርጋችሁ (እሱን ብቻ እንዲከተል አስራችሁ) ስትጠጉ የሚታያችሁ እግሩ ብቻ ነው፤ ከላይ የሚመጣውን እንዴት ይታወቅ?)

ሴኪሮ ግን ሌላ ነው። ከሁሉም የሚከብደኝ እሱ ነው፣ ከሁሉም የምወደውም። እንደ ኤልደን ሪንግ ሌቭል ጨምሮ፣ ጠንክሮ መመለስ የለም፣ የሰይፉን ምት በሰዓቱ መመለስ መልመድ ነው ያለው። አሁን ጌኒቺሮ የሚባለው ቦስ ላይ እጄ ከሐሳቤ ይቀድማል።

ወደ ሲልክሶንግ ስመለስ፣ የረዳኝ ዋንደረር ክረስት ነው (ክረስት የሆርኔትን የአመታት ስልት የሚቀይር ዕቃ ነው)። ሆርኔት መጀመሪያ ላይ ወደ ታች የምትመታው በሰያፍ ስለሆነ ዝላዩ ሁሉ ይዛነፍ ነበር፤ በዚህ ክረስት ግን ልክ እንደ ድሮው ሆሎው ናይት ቀጥ ብላ ነው የምትመታው። መንገዱም ቀለለኝ። ላስት ጀጅ ጋ ያልደረሳችሁ መጀመሪያ እሱን ፈልጉ። ስታሸንፉት ደግሞ ቶሎ ራቁ፣ ሲሞት ይፈነዳል፣ ፍንዳታው ሊገድላችሁ ይችላል።