ለአሮጌ ካምፐር ጎማ ሲመረጥ ከጥርሱ በፊት መታየት ያለበት

ባለፈው ጸደይ፣ በ2003 የተሠራውን የፊያት ዱካቶ ካምፐራችንን (መኝታና ማብሰያ ያለውን የጉዞ መኪናችንን) ጎማዎች አራቱንም ለወጥን። የወጡት ጎማዎች ጥርሳቸው ገና ጥልቅ ስለነበር፣ ጀርመን ውስጥ በሕግ ከሚፈለገው 1.6 ሚሊሜትር ጋር ሲነጻጸሩ ብዙ የሚያገለግሉ ይመስሉ ነበር፤ ያዩአቸው ወዳጆችም ለምን እንደምንጥላቸው ጠይቀውናል። መልሱን እዚህ ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው፣ አውሮፓ ከምንኖረው መካከል ለልጆች የዕረፍት ጊዜ አሮጌ ካምፐር የሚገዙ ቤተሰቦች ስላሉና መኪናው ሲገዛ ሞተሩን፣ ዝገቱንና ጣሪያው ውኃ ማስገባት አለማስገባቱን መርምረው ጎማውን በዓይን ብቻ ስለሚያልፉት ነው።

ካምፐር ብዙ ቆሞ ጥቂት የሚሄድ መኪና በመሆኑ፣ ጎማው ጥርሱ ከማለቁ በፊት ያረጃል። ጎማ ሲሠራ ከላስቲኩ ጋር ሰም መሰል መከላከያ ይቀላቀላል፤ ይህ መከላከያ ጎማው እየተንከባለለ ሲተጣጠፍ ወደ ላይ እየወጣ ላስቲኩን ከአየሩ ኦዞን ይጠብቀዋል። መኪናው ለወራት አንድ ቦታ ሲቆም ግን መከላከያው መውጣቱን ስለሚቀንስ፣ የጎማው ጎን ይደርቃል፣ ቀስ በቀስም ይሰነጠቃል። ከውስጥ የሽቦውና የላስቲኩ መያያዝ መላላቱ ደግሞ ከውጭ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ዕድሜውን ከጎማው ላይ ማንበብ ያስፈልጋል፦ ዶት (DOT) ከሚለው ምልክት ቀጥሎ በሚመጣው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ 2316 የሚል ካለ፣ ጎማው በ2016 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። በመጨረሻው ላይ ያሉት አኃዞች ሦስት ብቻ ከሆኑ ጎማው ከ2000 በፊት የተሠራ ነው። ቀኑ ብዙ ጊዜ በአንዱ ጎን ብቻ ስለሚጻፍ፣ በውጪው ጎን ካልተገኘ ከመኪናው ሥር ገብቶ የውስጡን ጎን ማየት ግድ ይላል።

ጀርመን ውስጥ ለመኪና ጎማ በሕግ የተወሰነ የዕድሜ ገደብ የለም። ነገር ግን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እንዲጎተት ልዩ ፈቃድ የሚሰጠው ተጎታች የካምፒንግ ቤት፣ ጎማዎቹ ከስድስት ዓመት በታች መሆን አለባቸው። ብዙ ክብደት ተሸክሞ ለሚሮጥና ቤተሰብ ለተሳፈረበት ካምፐርም እኔ ይህንኑ ስድስት ዓመት መለኪያ አድርጌዋለሁ። ታላላቅ የጎማ አምራቾች የሚጠቅሱት አሥር ዓመት፣ ጎማው ደህና ቢመስልም እንኳ ሊታለፍ የማይገባው ጣሪያ እንጂ መድረሻ ተደርጎ መታሰብ የለበትም።

ሁለተኛውና በእኔ እምነት ይበልጥ የሚዘነጋው ክብደት ነው። ተመሳሳይ ስፋትና ቁመት ያላቸው ሁለት ጎማዎች የሚሸከሙት ሊለያይ ይችላል። 215/70 አር 15 የሚል የቤት መኪና ጎማ የጭነት ቁጥሩ 98 ሲሆን፣ አንዱ ጎማ የሚችለው 750 ኪሎ ነው፤ በዚያው ልክ የተሠራውና 109 የተጻፈበት የካምፐር ጎማ 1,030 ኪሎ ይችላል። የኋላ አክሰሉ (ግራና ቀኝ ጎማዎቹን የሚይዘው ዘንግ) እስከ 1,900 ኪሎ ለሚፈቀድለት መኪና የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተደምረው 1,500 ብቻ ስለሚሸከሙ፣ ዋጋቸው ቢረክስም ሊገጠሙ አይገባም። ለየአክሰሉ የተፈቀደው ክብደትም ሆነ የጎማው ልክ በጀርመኑ ሊብሬ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

የተፈቀደውን ማወቅ ብቻውን ግን አይበቃም፤ መኪናው ለጉዞ ሙሉ በሙሉ ተጭኖ፣ ውኃው ሞልቶ፣ ጋዙ ገብቶ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ተቀምጦ፣ እያንዳንዱ አክሰል ለብቻው ሚዛን ላይ መውጣት አለበት። መቶ ሊትር ውኃ መቶ ኪሎ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ከኋላ የሚንጠለጠለው ብስክሌት ግን ከራሱ ክብደት በላይ ይጫናል። በሁለቱ አክሰሎች መካከል 3.2 ሜትር ባለው መኪና፣ 50 ኪሎ ብስክሌት ከኋላው አክሰል 2 ሜትር ወደ ኋላ ቢሰቀል፣ የኋላው አክሰል 81 ኪሎ ያህል ሲጨመርበት ፊተኛው 31 ኪሎ ያህል ይቀልለታል። ስለዚህ አጠቃላይ ክብደቱ ከተፈቀደው በታች ሆኖ ሳለ የኋላ ጎማዎቹ ከአቅማቸው በላይ ሊሸከሙ ይችላሉ።

እኔ የመረጥኩት ሲፒ (CP) የሚል ምልክት ያለበትን፣ ለካምፐር ተብሎ የሚሠራውን ጎማ ነው። ይህ ዓይነቱ ጎማ ጎኑ ጠንካራ ሲሆን፣ ሁልጊዜ ወደ አቅሙ ጣሪያ ተጠግቶ ለሚጫን መኪና ታስቦ የተሠራ ነው። በኋላ አክሰል ላይ እስከ 5.5 ባር ንፋስ ስለሚሞላበት ግን ተራው የላስቲክ ቫልቮላ አይበቃውም፤ የብረት ቫልቮላ እንዲገጠም ጎሚስታውን በግልጽ መጠየቅና ቸርኬውም ያንን ንፋስና ክብደት የሚችል መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በሚዛን የተገኘውን የየአክሰሉን ክብደት ለጎማው አምራች ልኮ ለዚያ ጭነት የሚስማማውን የንፋስ መጠን መጠየቅ ይቻላል። ከሚያስፈልገው በታች ንፋስ ያለው ጎማ በየዙሩ ከመጠን በላይ እየተጣጠፈ ይግላል፤ በፈጣን መንገድ ላይ ለሚፈነዱ ጎማዎች ዋነኛው ምክንያትም ይህ ሙቀት ነው። ንፋሱ መለካት ያለበት ከመነሳት በፊት፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው።

በበረዶ ወራት የሚጓዝ ሰው በጎማው ጎን ላይ ባለሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበትን ምልክት ይፈልግ። ጀርመን ውስጥ ከጥቅምት 2024 መጀመሪያ ወዲህ፣ በረዷማ መንገድ ላይ ኤም እና ኤስ (M+S፣ ጭቃና በረዶ ማለት ነው) የሚሉት ፊደላት ብቻቸውን አይበቁም።

አራቱን ባንድ ጊዜ ለመለወጥ አቅም የማይፈቅድለት፣ ሁለቱን አዲሶች ከኋላ ያስገጥም። ዱካቶ በፊት ጎማ የሚነዳ ስለሆነ ብዙዎች አዲሱን ፊት ማድረግ ይቀናቸዋል፤ ነገር ግን የፊት ጎማ ሲንሸራተት መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድ፣ የኋላው ሲንሸራተት ግን መኪናው ይዞራል፤ ይህንን በመሪ ማስተካከል ለአብዛኛው አሽከርካሪ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ስኮርታውም ከሌሎቹ እኩል እንደሚያረጅ ታስቦ፣ ቀኑ አብሮ ይነበብ።