አራት ቀን ቤፑ፦ ፍል ውሃ፣ እንፋሎትና የጾም ምሳ

ቤፑ ጃፓን ውስጥ ያለች የፍል ውሃ ከተማ ናት፣ ከፉኩኦካ ከተማ በባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ነው። በመስከረም ነው የሄድኩት። መጀመሪያ ዓይኔ የገባው እንፋሎቱ ነው። ከቦዩ፣ ከመንገድ ዳር ቱቦ፣ ከቤቶች ጓሮ፣ ከተራራው ሥር ነጭ እንፋሎት ቀጥ ብሎ ይወጣል። የድኝ ሽታም አለው። ከተማዋ ከ2000 በላይ የፍል ውሃ ምንጮች አሏት። ጓደኛዬ እዚያው ኮረብታው ላይ ባለው ሪትሱሜይካን ኤዥያ ፓሲፊክ ዩኒቨርሲቲ ስለምትማር ማረፊያዬ እሷ ጋ ነበር።

የመጀመሪያውን ቀን ቱሪስት ሁሉ የሚሄድበት ሄድን። የሚፈላ ውሃ የሚወጣባቸውን ቦታዎች "ጂጎኩ" ይሏቸዋል፣ ሲኦል ማለት ነው። ሰባት ናቸው፣ የሚታዩ እንጂ የሚታጠቡባቸው አይደሉም። ኡሚ ጂጎኩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው፣ ዘላችሁ ግቡ ግቡ ይላል፣ ሙቀቱ ግን 98 ዲግሪ ገደማ ነው። ቺኖይኬ ደግሞ ብረት ካለበት ጭቃ የተነሳ ደም የመሰለ ቀይ። ያምራሉ። ግን ሰው ይበዛል፣ ግማሽ ቀን ይበቃቸዋል።

በማግስቱ ዓርብ ነበር። ጃፓን ውስጥ መጾም ቀላል አይደለም፤ የአትክልት ሾርባ ነው ተብሎ የሚቀርበው እንኳ መረቁ ብዙ ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ነው የሚሠራው፣ እኔ ደግሞ በጾም ዓሣ አልበላም። ካናዋ የሚባለው ሰፈር ግን ገላገለኝ። እዚያ "ጂጎኩ ሙሺ" የሚሉት አበሳሰል አለ። ከመሬት የሚወጣውን እንፋሎት በድንጋይ ምድጃ ይዘውታል። ምድጃውን ትከራያላችሁ፣ ምግቡን ታስገባላችሁ፣ ትከድናላችሁ፣ በቃ። እሳት የለ፣ ዘይት የለ። ዱባ፣ ስኳር ድንች፣ ጥቅል ጎመንና በቆሎ አስገባንና ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ክዳኑ ሲነሳ እንፋሎቱ ፊታችንን አለበሰው። ዱባው ስኳር የነሰነሱበት ይመስል ነበር። እውነት ለመናገር በጾም ቀን እንደዚያ የጠገብኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ቅዳሜ ግን ቶሪተን በላን። በቀጭን ሊጥ ተነክሮ የተጠበሰ ዶሮ ነው፣ ቤፑ ያለችበት የኦይታ አውራጃ ሰዎች የእኛ ነው የሚሉት። ካቦሱ ይጨመቅበታል፤ አረንጓዴ፣ ሎሚ የመሰለ፣ ሽታው ግን ከሎሚ ለስለስ ያለ ፍሬ ነው። እነሱ ሁሉም ነገር ላይ ይጨምቁታል። ትክክል ናቸው።

ከሰዓት ምዮባን ወደሚባለው የቤፑ ሰፈር ወጣን። ተራራው ጎን ላይ የሳር ክዳን ጎጆዎች ተደርድረው ሳይ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። የገጠር ቤታችንን መስለውኝ ነበር፤ ጠጋ ሲሉ ግን ጣሪያው እስከ መሬት ይደርሳል፣ ውስጡም ሰው አይኖርበትም። "ዩኖሃና" የሚባለው የመታጠቢያ ጨው የሚመረትባቸው ናቸው። ወለሉ ላይ ድንጋይ ይነጠፋል፣ በላዩ ሰማያዊ ሸክላ ይለበጣል፣ ከሥር የሚመጣው እንፋሎት ሸክላውን አልፎ ሲወጣ እንደ ውርጭ ያለ ነገር ይበቅልበታል፤ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ። ሳሩ ለጌጥ አይደለም። እርጥበቱን ስለሚመጥ ውሃ ተንጠባጥቦ የበቀለውን አያሟሟውም። ሙያው ከ200 ዓመት በላይ የቆየ ነው።

አሁን ወደ መታጠቡ ልምጣ። እጄ ላይ የመስቀል ንቅሳት አለኝ፣ ልጅ ሳለሁ አያቴ ናት ያስነቀሰችኝ። ጃፓን ውስጥ ንቅሳት ከወሮበላ ቡድኖች ጋር ስለሚያያዝ ብዙ መታጠቢያ ቤት አያስገባም። የሄድንበት አንድ ማረፊያ ቤትም በትሕትና፣ ጎንበስ እያለ፣ መለሰኝ። ከፋኝ። አያቴን የከለከሏት መሰለኝ።

ጓደኛዬ ምንም ሳትል የሰፈር መታጠቢያ ይዛኝ ሄደች። ቤፑ ውስጥ እንደዚህ ያሉ ትንንሽ ቤቶች ብዙ ናቸው፣ የሰፈሩ ሰው ራሱ ያጸዳቸዋል፣ ዋጋውም ጥቂት መቶ የን ነው። ፍል ውሃ ለእኛም እንግዳ አይደለም፣ አዲስ አበባም የተቆረቆረችው እሱን ተከትላ ነው። ግን እኛ ክፍል ዘግተን ነው የምንታጠበው። እዚህ ከማላውቃቸው አምስት ሴቶች ጋር ራቁቴን ቆምኩ። መጀመሪያ በርጩማ ላይ ተቀምጦ መታጠብ፣ ፎጣ ውሃው ውስጥ አለማስገባት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መግባት ነው ሥርዓቱ። ውሃው ያቃጥላል።

አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት እጄን ያዙና መስቀሉን አዩት። ምንድነው አሉ። ጓደኛዬ "አያቷ ናቸው ያስነቀሷት፣ የሃይማኖቷ ምልክት ነው" ብላ ተረጎመችላቸው። በአውራ ጣታቸው ቀስ ብለው ዳሰሱት። ከዚያ ሌሎቹን ጠሯቸው፣ ሁሉም በየተራ አዩት፣ አንዷም አያቴ በሕይወት እንዳለች ጠየቀችኝ። የለችም አልኩ። እኚያ እናት ምንም አላሉም፤ ፎጣቸውን አነሱና እንደ ልጃቸው ጀርባዬን ያሹኝ ጀመር።

እሑድ ጠዋት፣ ከመሄዴ በፊት፣ ተመልሼ ሄድኩ። እዚያው ነበሩ። ስወጣ ሁለት ካቦሱ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። አንዱን ለጓደኛዬ ተውኩላት፣ ሌላውን እስከ ፉኩኦካ ድረስ ባቡር ውስጥ እያሸተትኩ ሄድኩ።