ለጋሞ ተራሮች ጉዞ መኪና ከአዲስ አበባ አትከራዩ

ወደ ጋሞ ደጋ ለመሄድ የምታስቡ ሁሉ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔን ማንም አላስጠነቀቀኝም።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ። አርባ ምንጭ ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ወደ ዶርዜና ጨንቻ ሽቅብ ትወጣላችሁ። ታች በከነቴራ፣ ላይ በጋቢ ነው፤ ጨንቻ ከፍታው ወደ 2,700 ሜትር ይጠጋል።

ያቃጠለኝ መኪናው ነው። ቸርችል ጎዳና አካባቢ ያለ አንድ ቢሮ ነዳጅ፣ ሾፌርና አበል ያካተተ ዋጋ ሰጠኝ። ላንድክሩዘር ነበር የተባለው። ሁሉም በጽሑፍ ይሁን አልኩ፤ ተጻፈ፣ ማህተምም አረፈበት። የጉዞው ዋዜማ ማታ ስልክ ተደወለ። ላንድክሩዘሩ ጋራዥ ገብቷል፣ ሚኒባስ እንሰጥዎታለን፣ ነዳጁን እርስዎ ይሸፍናሉ። ውሉን ሳነብላት ልጅቷ “እሱ የድሮው ታሪፍ ነው” አለችኝ። በዚያው ሳምንት የተፈረመ ውል!

ጠዋት ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ናቸው። በማግስቱም ስብሰባ። ቀብዴን ስጠይቅ “አይመለስም” ተባልኩ፤ ውሉ ላይ ግን እንዲህ የሚል መስመር የለም። አልነሳም ብዬ ቁጭ ስል ግማሹን መለሱልኝ። ዛሬም በዚያ በር ሳልፍ ደሜ ይፈላል።

መላው የተገኘው ሽሮ ሜዳ ነው። ጋቢ ልገዛ ሄጄ ለአንድ የዶርዜ ሸማኔ ብሶቴን ነገርኳቸው። “ልጄ፣ መኪና ከዚህ ምን ያስጎትትሻል? አርባ ምንጭ ሞልቶ የለም እንዴ?” አሉኝና የወንድማቸውን ልጅ ስልክ ሰጡኝ። በአውቶቡስ ወረድኩ፤ ልጁ እዚያ ተቀበለኝ።

ሒሳቡ ግልጽ ነው። ከአዲስ አበባ የያዛችሁት መኪና ተራራው ሥር ደርሶ ለመመለስ ብቻ የ1,000 ኪሎ ሜትር ነዳጅ ይበላል። የአገሩ ሾፌር ደግሞ ጋሞኛ ይናገራል፤ የገበያውን ቀንና የጉሙን ሰዓት ያውቃል።

አስጎብኚዎች “ዶርዜን በግማሽ ቀን አይታችሁ አርባ ምንጭ እደሩ” ይላሉ። አትስሟቸው፤ እዚያው ደጋው ላይ እደሩ። ምስጥ ከሥር በበላው ቁጥር የሚያጥረውን የቀርከሃ ቤት፣ እንሰቱ ተፍቆ ቆጮ ሆኖ ሲጋገርም ተረጋግታችሁ እዩ።

በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ለተመዘገበው የኮንሶ እርከን ሌላ ቀን ስጡ። ኮንሶኛ ኩሻዊ፣ ጋሞኛ ኦሞአዊ ነውና ሾፌራችሁ እዚያ አያስተረጉምላችሁም። ኮንሶ ስትደርሱ የአካባቢውን አስጎብኚ ያዙ፤ ክፍያውንም ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ።